ዘንዶ የታተመበት ባዶ መጽሐፍ

በ1997 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ አሜሪካ ውስጥ ለመጻሕፍት ገበያ እንግዳ የሆነ ነገር ታየ። ከዚያ በፊት አንድም ልብ ወለድ ያላሳተመች ሴት የበኩር ሥራ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ኒውዮርክ ታይምስ በሚያወጣው የምርጥ ሽያጭ ዝርዝር ላይ አንደኛ ሆኖ ገባ። የአንድ ደራሲ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ገና ከመውጣቱ እዚያ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። ደራሲዋ ኤልዛቤት ኮስቶቫ ትባላለች፤ መጽሐፉ «ዘ ሂስቶሪያን»። አሳታሚው ሊትል ብራውን ለረቂቁ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ያህል መክፈሉ ተዘግቧል። የፊልም መብቱን ሶኒ ገዛ። ብዙም ሳይቆይ መጽሐፉ ከ20 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ተተረጎመ።

ይህን ሁሉ ካገኘ በኋላ ግን መጽሐፉን አንብበው ከጨረሱት ብዙዎቹ የሚሉት ተመሳሳይ ነው፤ አጀማመሩ ያዘኝ፣ አጨራረሱ ጣለኝ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቶ ገጾች ማታ ጀምሬ ማስቀመጥ አቅቶኝ ነበር። መጨረሻው ላይ ስደርስ የተሰማኝ ቁጭት ነው፤ እንዲህ ያለ ጥሩ ነገር በእጅ ገብቶ ሲባክን ማየት ያናድዳል። መጥፎ መጽሐፍ አንብቦ መጣል ቀላል ነው፤ ከእሱ የሚቀሰም ነገርም እምብዛም የለም። ታላቅ መሆን ይችል የነበረ መጽሐፍ የወደቀበትን ቦታ ገጽ በገጽ መፈለግ ግን ትምህርት ቤት ነው። በተለይ ለእኛ። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የብዙ ወጣት አንባቢ ልብ ከገዛ ወዲህ፣ ገዳም ውስጥ የተሸሸገ ብራና፣ ከአያት የወረደ ምስጢር፣ ሊፈታ የሚጠብቅ ኮድ ያላቸው ልብ ወለዶች በአማርኛ መጻፍ ተለምዷል። የሚጽፉት ልጆች ተሰጥኦ አላቸው። መንገዱ የት ላይ እንደሚንሸራተት ቀድሞ የሄደበት ሰው ቢያሳያቸው ይጠቀማሉ።

መጀመሪያ ለደራሲዋ የሚገባትን ልስጣት። ኮስቶቫ ገበያ አይታ የጻፈች አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1972 ሕፃን ሳለች አባቷ ያኔ የዩጎዝላቪያ ከተማ በነበረችው ልዩብሊያና ያስተምር ስለነበር ቤተሰቡ እዚያ ኖሯል፤ አውሮፓንም አብረው ዞረዋል። በየጉዞው አባቷ ስለ ድራኩላ ተረት ይነግራት ነበር። አድጋ ያንን ትዝታ ወደ ልብ ወለድ ለመለወጥ አሥር ዓመት ፈጀባት። ረቂቁ ገና ሳያልቅ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆፕውድ የተባለውን ሽልማት አግኝቷል። አሳታሚዎች በጨረታ የተሻሙበት ግን በሌላ ምክንያት ነው። የዳን ብራውን «ዳ ቪንቺ ኮድ» እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ ዓለምን ያጥለቀለቀበት ጊዜ ነበር፤ ሁሉም ተከታዩን እየፈለገ ነው። ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ቤተ መጻሕፍትና መዝገብ ቤት የሚወድ መጽሐፍ ልብ አንጠልጣይ ነው ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ከአንባቢው ቅሬታ ከፊሉ ከዚያ የመጣ ነው፤ ይህን የደራሲዋ ጥፋት ማድረግ አይገባም። የቀረው ግን የእሷ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1972 አምስተርዳም የምትኖር፣ ስሟ እስከ መጨረሻው የማይነገረን የ16 ዓመት ልጅ አለች። እናቷ ሞታለች ተብላ አድጋለች። አባቷ ፖል ዲፕሎማት ነው። አንድ ምሽት እሱ በሌለበት በመጻሕፍት ክፍሉ ስትበረብር አንድ አሮጌ መጽሐፍና የቢጫ ወረቀት ደብዳቤዎች ታገኛለች። ደብዳቤው እ.ኤ.አ. በ1930 የተጻፈ ነው፤ የተጻፈው ለማንም ነው፤ ማለትም ጸሐፊው ከእሱ በኋላ ይህ እዳ ለሚወርድበት፣ ለማያውቀው ሰው ነው የጻፈው። አባቷን ትጠይቀዋለች። አባትየው ይደነግጣል፤ ከዚያ በየጉዞአቸው፣ ካፌ ተቀምጠው፣ ገዳም ሲጎበኙ፣ ጥቂት በጥቂት ይነግራታል።

የፖል ታሪክ ወደ 1950ዎቹ ይመልሰናል። አንድ አሜሪካዊ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው። ሌሊት በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛው ላይ ከቆለላቸው መጻሕፍት መሐል የእሱ ያልሆነ አንድ ያገኛል። ቆዳው በዕድሜ የለሰለሰ፣ ትንሽ። ሲከፍተው ራሱ መሐል ላይ ይከፈታል፤ እዚያም በእንጨት ቅርጽ የታተመ ዘንዶ አለ፤ ክንፉ የተዘረጋ፣ ጅራቱ የተጠቀለለ፣ በጥፍሩ አንዲት ቃል የተጻፈችበት ሰንደቅ የያዘ። የቀረው ገጽ በሙሉ ባዶ ነው። የረሳው ሰው ይኖራል ብሎ ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ይመልሰዋል። መጽሐፉ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ይገኛል። ለመምህሩ ለፕሮፌሰር ሮሲ ያሳየዋል። ሮሲ ዝም ብሎ ወደ መደርደሪያው ይሄድና ልክ ያንኑ የመሰለ መጽሐፍ አውጥቶ ያስቀምጥለታል። ለእሱም በወጣትነቱ እንዲሁ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ትቶለታል። ሮሲ የሚያውቀውን ነግሮት ተማሪውን ያሰናብታል፤ በዚያው ሌሊት ይጠፋል። ቢሮው ውስጥ የደም ጠብታ ይገኛል።

ይህን ያህል በዝርዝር የነገርኩት የደራሲዋ እጅ እዚህ ላይ ምን ያህል የተዋጣለት እንደሆነ እንዲታይ ነው። ምንም ጭራቅ አላየንም። ያየነው ጠረጴዛ ላይ ያለ መጽሐፍ ነው። ፍርሃቱ የሚመጣው መጽሐፉን የሚያስቀምጠው ሰው ፖል የት እንደሚቀመጥ ማወቁን ስንረዳ ነው። የትኛውም ጀማሪ ደራሲ ይህን ምዕራፍ ደጋግሞ ቢያነበው ይማርበታል።

ከዚያ በኋላ ግን ጉዞ ይጀመራል። ፖል መምህሩን ፍለጋ ይወጣል፤ ሄለን ከምትባል የሮሲ ልጅ ነኝ ከምትል ወጣት ጋር ኢስታንቡል፣ ቡዳፔስት፣ የቡልጋሪያ ገዳማት ይዞራል። በየደረሱበት አንድ ቅን ምሁር ይቀበላቸዋል፤ የሚፈልጉት ሰነድ ሁልጊዜ እሱ ዘንድ አለ። ኢስታንቡል ምግብ ቤት ውስጥ በአጋጣሚ የተዋወቁት የሼክስፒር መምህር እሱም የድራኩላን ጉዳይ ለዓመታት ሲከታተል የኖረ ሆኖ ይገኛል፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ከሱልጣን መሕመድ ዘመን ጀምሮ ድራኩላን ሊያጠፋ የተቋቋመ ምስጢራዊ ማኅበር አባል መሆኑን እንሰማለን። አንድ ጊዜ ግጥምጥሞሽ ይፈቀዳል። ሁለተኛው ላይ አንባቢ ቅንድቡን ያነሣል። አምስተኛው ላይ መፍራት ያቆማል፤ ምክንያቱም ደራሲው ለገጸ ባሕርያቱ እንደሚደርስላቸው አውቋል።

በመሐሉ የ15ኛው ክፍለ ዘመን መነኮሳት የጻፏቸው ደብዳቤዎች፣ ዜና መዋዕሎች፣ የሕዝብ ዘፈኖች ሙሉ በሙሉ ይቀርቡልናል። እነዚህ ሁሉ የደራሲዋ ፈጠራ ቢሆኑም እውነተኛ ሰነድ ይመስላሉ፤ የጥናቷ ጥልቀት ያስደንቃል። ግን ከ600 ገጽ በላይ በሆነው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሰነድ ሰውን ውጦታል። ይህ ጥናት የሚወድ ደራሲ ሁሉ የሚያጋጥመው ፈተና ነው። አሥር ዓመት የለቀመውን መጣል ያሳሳዋል። አንባቢ ግን ደራሲው ምን ያህል እንደለፋ ለማወቅ ሳይሆን ሮሲ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ነው ገጽ የሚገልጠው።

ከዚህ በኋላ መጨረሻውን እናገራለሁ፤ ሳይነግሩኝ ላንብበው የሚል እዚህ ላይ ያቁም።

ሮሲን የወሰደው ድራኩላ ራሱ ነው። ለአምስት መቶ ዓመት ሳይሞት የኖረው የዋላኪያው ገዢ ቭላድ መጽሐፍ ወዳድ ሆኗል፤ ከመቃብሩ አጠገብ ግዙፍ ቤተ መጻሕፍት አለው። ዘንዶ የታተመባቸውን ባዶ መጻሕፍት ጎበዝ ምሁራን ዘንድ የሚያስቀምጠውም ከመሐላቸው ደፍሮ የሚከተለውን ለመምረጥ ነው። ሮሲን የፈለገው ቤተ መጻሕፍቱን እንዲያደራጅለት፣ መጻሕፍቱን መዝግቦ ዝርዝራቸውን እንዲያዘጋጅለት ነው።

ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቶታል። ይህ ሁሉ ደም የፈሰሰው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ለመቅጠር ነው ወይ ብሎ። እኔ ሐሳቡን እንደሐሳብ አልንቀውም። ክፋት ማንበብ የሚወድ፣ ታሪክ የሚሰበስብ፣ የዘመናችንን አምባገነኖች ሥራ በመደርደሪያ ላይ እያስቀመጠ የሚያደንቅ መሆኑ ጠንካራ ሐሳብ ነው። የ20ኛውን ክፍለ ዘመን የደኅንነት መሥሪያ ቤቶች መዝገብ የሚያውቅ ሰው ጨካኝ ሰው ፋይል እንደሚወድ አይጠፋውም። ችግሩ ሐሳቡ ላይ ሳይሆን አያያዙ ላይ ነው። ድራኩላ ሊያመጣቸው የሚፈልጋቸውን ምሁራን አሥርት ዓመታት ሙሉ ሲያስፈራራና ሲያባርር ይኖራል፤ ፈተና ነው ይባልልናል። ፈተናው ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን ከታሪኩ ውስጥ አይወጣም፤ ከአፉ ነው የምንሰማው። ጡዘቱ ላይ ክፉው ሰው ተነሥቶ ሴራውን ሲያብራራ፣ ሴራው በራሱ መቆም አልቻለም ማለት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን ድራኩላ አይደለም። የቤተሰቡ ምስጢር ነው።

ሄለን የሮሲ ልጅ ናት። እናቷ ሩማንያዊት የገጠር ሴት ነበረች። ሮሲ በወጣትነቱ እዚያ ሄዶ ወድዷታል፤ ሊወስዳት ቃል ገብቶላት ሄዶ ቀርቷል። ሴትየዋ አርግዛ ብቻዋን ቀረች፤ አገር ጥላ ወደ ሃንጋሪ ተሰደደች። ሮሲ ደግሞ ሩማንያ ረግጬ አላውቅም ይላል። ሄለን አባቷን የምትፈልገው ልታቅፈው አይደለም፤ እሱ በሚኮራበት የጥናት ዘርፍ ልትበልጠውና ልታሳፍረው ነው። እዚህ ላይ ልብ ወለዱ ወርቅ ይዟል። ታሪክ ሲመረምር የኖረ ሰው የራሱን ታሪክ ክዷል። ደግ መምህር፣ ተማሪዎቹ የሚወዱት፣ አንዲትን ሴት ከነፅንሷ ጥሏል። ከቫምፓየር ሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ምክንያቱም በሁላችንም ሰፈር የሆነ ነገር ነው።

ደራሲዋ ይህን ወርቅ ምን አደረገችው? ሮሲ አልካደም፤ ረስቶ ነው አለችን። አንድ የማያውቀው ሰው በመንገድ ላይ መጠጥ ጋብዞት ነበር፤ መጠጡ የሩማንያ ቆይታውን በሙሉ ከአእምሮው ፍቆታል። ሴትየዋን፣ ፍቅሩን፣ ቃል ኪዳኑን። አንዲት ብርጭቆ የአንድን ሰው ኃጢአት በሙሉ አጠበችው። ሄለን የሃያ ዓመት ቁጣዋን የምታራግፍበት ቦታ አጣች። እናቷም የተጣለች ሳትሆን በስህተት የተረሳች ሆነች። ይቅር የሚባልም፣ ይቅር የሚልም የለም፤ በደለኛ የለምና። ደራሲዋ ሮሲን ስለወደደችው አዳነችው፤ ባዳነችው መጠን ደግሞ ባዶ አደረገችው። ይህን ቦታ ያነበብኩት ደጋግሜ ነው፤ መጽሐፉ የሞተው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ምስጢር የተራኪዋ እናት ናት፤ እሷም ያቺው ፖል አብሯት የዞረው ሄለን ናት። ሞታለች የተባለችው ሄለን አልሞተችም። በድራኩላ ወገን ስለተነከሰች፣ ልጇንም እንዳትበክል ስለፈራች፣ ሕፃኗን ጥላ ጠፍታለች፤ ለዓመታት ተደብቃ ድራኩላን ስታሳድድ ኖራለች፤ ለልጇ ፖስት ካርድ እየጻፈች ሳትልክ አስቀምጣለች። እስቲ አስቡት። እናት ልጇን እየወደደች ትታታለች፤ አባት እውነቱን ሙሉ ለሙሉ ሳይነግር አሳድጓታል፤ ልጅ በ16 ዓመቷ እናቷን በሕይወት ታገኛለች። ምን ትላታለች? የት ነበርሽ አትላትም? ልጅቷ አትጮህም? አባቷን ቀና ብላ አታየውም? መጽሐፉ ለዚህ የሰጠው ጥቂት ገጽ ነው። ጥይት ይተኮሳል፣ ድራኩላ አቧራ ይሆናል፣ እናትና ልጅ ይገናኛሉ፣ ታሪኩ ወደ መዝጊያው ይሄዳል። ለአንድ መነኩሴ ደብዳቤ ከዚህ የበለጠ ቦታ ተሰጥቶታል።

ሌላም አለ፤ የድምፅ ጉዳይ። መጽሐፉ ደብዳቤ በደብዳቤ ውስጥ፣ ትረካ በትረካ ውስጥ ነው። ልጅቷ ትተርካለች፣ አባቷ ይተርካል፣ ሮሲ ይጽፋል፣ ሄለን ትጽፋለች። ስሙን ሸፍናችሁ አንድ ገጽ ብታነቡ የማን እንደሆነ መለየት ይከብዳል። ሁሉም በአንድ የተስተካከለ፣ የተማረ፣ የረጋ ድምፅ ይናገራሉ። ኮስቶቫ መነሻ ያደረገችው የብራም ስቶከር «ድራኩላ» እ.ኤ.አ. በ1897 ሲወጣ እሱም በደብዳቤና በማስታወሻ ደብተር የተሠራ ነበር። ግን እዚያ ጠበቃው ሃርከር ማስታወሻውን በአጭር ጽሕፈት ይይዛል፤ ዶክተር ሴዋርድ በፎኖግራፍ ድምፁን ይቀዳል፤ ሚና በታይፕ ትመታለች፤ ሆላንዳዊው ቫን ሄልሲንግ እንግሊዝኛውን እየሰበረ ያወራል፤ የአንዲት መርከብ ካፒቴን በመዝገቡ ላይ አንድ በአንድ የሚጠፉ መርከበኞችን ይቆጥራል። እያንዳንዱ የሚያውቀው ቁራጭ ነው። ፍርሃቱ የሚወለደው አንባቢው ቁራጮቹን ከእነሱ ቀድሞ ሲገጣጥም ነው። ስቶከር ድራኩላንም አልደበቀውም። ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ሃርከር ጢሙን ሲላጭ ከኋላው የቆመው ካውንት ድራኩላ በመስተዋቱ ውስጥ አይታይም። ጠላቱን አይተነዋል፤ ከዚያ በኋላ ባይታይም በየጨለማው እንጠብቀዋለን። ኮስቶቫ ድራኩላን እስከ መጨረሻው ደበቀችው፤ ሲወጣ የሚሸከመው ተስፋ በዛበት።

ምስጢራዊ መጽሐፍ ታሪክን መሸከም አይችልም ማለቴ አይደለም። ኡምቤርቶ ኤኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በጣልያንኛ ያሳተመው «የጽጌረዳው ስም» በ1327 አንድ ገዳም ውስጥ መነኮሳትን የሚገድል መጽሐፍ አለው። ገጾቹ ተመርዘዋል፤ አንባቢው ገጽ ለመግለጥ ጣቱን በምራቁ ሲያርስ ይሞታል። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ መነኩሴ መጽሐፉን የሚደብቀው ስለ ሳቅ ስለሚናገር ነው፤ ሰው ከሳቀ እግዚአብሔርን መፍራት ይተዋል ብሎ ያምናል። ሰውየው ተሳስቷል፤ ግን ያመነበትን እናውቃለን፤ ለእምነቱ ሰው ይገድላል፤ በመጨረሻም ራሱ ያንን መርዛም መጽሐፍ ቀድዶ ይበላል። የመጽሐፉ ይዘትና የሰዎቹ ሞት አንድ ናቸው። የኮስቶቫ ባለ ዘንዶ መጽሐፍ ውስጥ ግን ምንም አልተጻፈም። ዘንዶው ማስታወቂያ ነው።

የእኛንም እንይ። ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ማንም የምስጢር ልብ ወለድ ብሎ አይጠራውም። ሆኖም መሠረቱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። በዛብህ እናቱ ውድነሽ በጣሙ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለችው ልጅ ነው። ሐዲስ ይህን ስለት ለመጨረሻው ምዕራፍ አላስቀመጡትም። ቀድመው ነገሩን። እናም በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሲያስተምር፣ ልቡ ሲሸፍት፣ ከዲማ የቅኔ ቤት ይዞት የመጣው ነገር ሁሉ ሲናጋ፣ አንባቢው ስለቱን እያሰበ ይሳቀቃል። እናቲቱ ክፉ አይደለችም፤ ለልጇ ብላ የተሳለችው ነው። ይህ ነው የሚያመው። ሐዲስ ለውድነሽ ሰበብ አልፈለጉላትም፤ ለበዛብህም መዳኛ መጠጥ አላቀረቡለትም። እያንዳንዱ ያደረገውን ተሸክሞ ይሄዳል።

ብራና የሚወዱ ጸሐፊዎቻችን ደግሞ ከውጭ ኮድ ማምጣት አያስፈልጋቸውም። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት የወንጌል መጽሐፍ ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች የመሬት መዝገብ ሆነው ኖረዋል። ዛሬ በኤርትራ፣ በሽመዛና የሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ወንጌለ ወርቅም የንጉሥ ላሊበላን የመሬት ስጦታ ጭምር ይዟል። በጎንደር ዘመን የርስት ሽያጭ፣ ኑዛዜ፣ የዋሶችና የምስክሮች ስም በቅዱሳት መጻሕፍት ዳርቻ ላይ ተጽፏል፤ እዚያ የተጻፈውን የሚደፍር የለም ተብሎ ስለታመነ። መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚለው ግዝትም ከመጨረሻው ቅጠል ላይ አይጠፋም። ግዝቱ እያለም የሚፍቅ አልጠፋም። በብዙ ብራና ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ስም ተተክቶበታል። የተፋቀበት ቦታ ይሻክራል፤ ቆዳው ስለሚሳሳ ወደ ብርሃን ሲያነሡት ከሌላው ይለያል።

አንድ ልጅ የአያቱን መሬት ታሪክ ሲፈልግ ይህን ቢያገኝስ? የተፋቀው ስም የእነማን ነው? ማን ፋቀው? የፋቀው ሰው የቤቱ የተከበረ ሽማግሌ፣ ሁሉም እጅ የሚነሣለት ቢሆንስ? ግዝቱን እያወቀ፣ ንስሓ አባቱንም ፈርቶ፣ ለልጆቹ ብሎ ያደረገው ቢሆንስ? አሁን በዚያ መሬት ላይ የሚኖሩት እነማን ናቸው? እዚህ ውስጥ ጭራቅ የለም፤ ዋሻም፣ የጠፋ ወርቅም የለም። አንድ የተሻከረ የብራና ቦታ ነው ያለው፤ እሱ ግን ሁለት ቤተሰብ ያፋጃል። የኮስቶቫ ባዶ ገጽ ላይ ሰው ስላልነበረ ሊያስፈራን የቻለው ለሁለት መቶ ገጽ ብቻ ነው። የተፋቀ ስም ግን ከኋላው የሚጮህ ሰው አለው።

ለወጣት ጸሐፊ ከዚህ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዘህ ሂድ ብዬ እመክረው ነበር። ምስጢሩን ማን ደበቀው፣ በመደበቁስ በየቀኑ ምን ከፈለ? ይህ ካልተመለሰ ሰነድ ቢቆለል፣ አገር ቢዞር፣ ገዳም ቢበረበር ታሪኩ አይቆምም። ሲመለስ ደግሞ ለበዳዩ ሰበብ ላለመፈለግ ወገብን ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ከሁሉ ይከብዳል፤ ደራሲ የወደደውን ሰው በጥፋቱ ላይ ትቶ መሄድ ያቅተዋልና።

ኮስቶቫ ራሷ ያቺን ጥያቄ ያገኘቻት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1989 የበርሊን ግንብ በፈረሰበት ሰሞን የባህል ዘፈን ለማጥናት ቡልጋሪያ ሄዳ ነበር፤ ባለቤቷንም ያወቀችው እዚያ ነው። በ2007 ለቡልጋሪያ ጸሐፊዎች የፈጠራ ጽሑፍ ተቋም መሠረተች። በ2017 ያሳተመችው «ዘ ሻዶው ላንድ» የሚጀምረው ሶፍያ ውስጥ ነው። አንዲት ወጣት አሜሪካዊት የማታውቃቸውን ሰዎች አንድ ቦርሳ በስህተት ከራሷ ዕቃ ጋር ይዛ ታክሲ ትገባለች። ቦርሳውን ስትከፍተው የሰው አመድ የያዘ ዕቃ ታገኛለች፤ በላዩ ላይ ስም ተጽፎበታል፤ ስቶያን ላዛሮቭ። ባለቤቶቹን ፈልጋ አመዱን ለመመለስ ከታክሲ ሹፌሩ ጋር አገር ትዞራለች።

እዚህም ጉዞ አለ፣ እዚህም ምስጢር አለ፣ እዚህም መጽሐፉ ይረዝማል። ግን ስቶያን ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ነበር፤ የኮሚኒስቱ መንግሥት የጉልበት ሥራ ካምፕ አስገብቶታል። ካምፑ ውስጥ ቫዮሊን ስለሌለው በአእምሮው ይጫወታል፤ ዜማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ጣቶቹ በድንጋይና በብርድ እየተበላሹ። ከካምፕ ሲወጣ ያየውን መናገር አይችልም፤ ሚስቱ ዝም ትላለች፣ ጓደኛው ዝም ይላል፣ ቤቱ በሙሉ በፍርሃት ዝም ይላል። በካምፑ ግፍ ያደረሰባቸው ሰው ሳይሞትና ሳይረሳ በአገሪቱ ይኖራል። የሚያስረሳ መጠጥ የሚያቀርብላቸው የለም። ሁለቱን መጻሕፍት ማግኘት የሚችል አንባቢ መጀመሪያ «ዘ ሂስቶሪያን»ን፣ ቀጥሎ ይህንን ቢያነብ፣ አንዲት ደራሲ በ12 ዓመት ውስጥ ከየት ተነሥታ የት እንደደረሰች በገዛ ዓይኑ ያያል።